የሚንደረደር ሰው ቸኩሎ አይደለም፦ «አዛውንት ሲፈጥን ደስ ይበላችሁ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «አዛውንት ሲፈጥን ደስ ይበላችሁ» የሚል ጽሑፍ ከተለያዩ ዘመዶቼ ደረሰኝ። የላኩልኝ አባቴን አስበው ነው። አባቴ ፓርኪንሰን የሚባል፣ እንቅስቃሴን የሚያዛባ የአንጎል ሕመም አለበት። ሲራመድ እግሩ ሳያዘው ይፈጥናል። እርምጃው እያጠረ፣ እያጠረ ይሄድና አንድ ነገር ካላስቆመው ይንደረደራል። ዘመዶቼ ጽሑፉን አይተው ደስ ብሏቸዋል። «ይኸው፣ የጤና ምልክት ነው እኮ!» ያለኝም አለ።

ላላነበበው ሰው የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲራመድ ብርታቱን ያሳያል። ፓርኪንሰን የመንቀጥቀጥና የመንቀርፈፍ በሽታ ስለሆነ የሚፈጥን ሰውን አይመለከትም። ችኮላው ከበዛ ጠባይ ነው፤ ሰውየው ቢፈልግ መቆም ይችላል። እምቢ ካለ ከኋላ ልብሱን ይዞ መግታትና «ቀስ በል!» ማለት ነው። ጎማ ያለው መራመጃ ይገዛለት። መድኃኒቱ ሱስ ስለሚሆን በተቻለ መጠን ይዘግይ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ቤተሰብ ከመሬት ተነስቶ እንዳይደናገጥ ፈልገው ይሆናል። ግን ከምክሮቹ ውስጥ የሰው አጥንት ሊያሰብሩ የሚችሉ አሉ፤ ሕክምና የሚያዘገዩም አሉ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሐኪም አይደለሁም። አባቴን የማስታምም ልጁ ነኝ። ከነርቭ ሐኪሙና ከፊዚዮቴራፒስቷ እየጠየቅኩ፣ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ከአባቴ ጎን ጎን እየተራመድኩ ያወቅኩትን ነው የምጽፈው።

«ፈጣን እርምጃ የጤና ምልክት ነው»

እስከተወሰነ ድረስ እውነት ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው የሚራመድበት ፍጥነት ስለ አጠቃላይ ጤናው ብዙ እንደሚናገር በጥናት የታወቀ ነው። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ስህተቱ የመጣው ሁለት የተለያዩ አካሄዶችን አንድ ሲያደርጓቸው ነው።

ጤነኛ ሰው ሲፈጥን እርምጃው ይረዝማል። ተረከዙ ቀድሞ መሬት ይነካል። እጆቹ ይወዛወዛሉ። ሲፈልግ ይፈጥናል፣ ሲፈልግ ይቆማል።

የሚንደረደር ሰው ሌላ ነው። ጀርባው ጎበጥ፣ አንገቱ ወደ ፊት ቀደም ይላል። ጉልበቱ በደንብ አይዘረጋም። እጆቹ ከጎኑ ተጣብቀው ይቀራሉ። እግሩ ከመሬት ብዙም ስለማይነሳ የጫማው ሶል ወለሉን ሲፈትግ ከሌላ ክፍል ሆኖ ይሰማል። አነሳሱ ደህና ነው። ትንሽ እንደሄደ ግን እርምጃው ይጠባል፤ ኩስ ኩስ ማለት ይጀምራል። የሚፈትገው ድምፅ ይበልጥ ይደጋገማል። በመጨረሻ ወይ የበር መቃን ይይዛል፣ ወይ ግድግዳ ያስቆመዋል፣ ወይ ይወድቃል።

ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። የእግሩን ምልልስ ትታችሁ የሄደበትን ርቀት ተመልከቱ። እግሩ ይመላለሳል እንጂ ሰውየው ሩቅ አይደርስም። አጠገቡ ያለ ጤነኛ ሰው ዘና ብሎ እየተራመደ እኩል ይሄዳል። ታዲያ ይህ ምኑ ፈጣን ነው? አባቴ ራሱ ሲናገረው «እግሬ ቀድሞኝ ሄደ» ነው የሚለው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከማንም አልሰማሁም።

«የሚፈጥን ሰው ፓርኪንሰን የለበትም»

ይህን የሚያፈርሰው ማስረጃ በሽታው መጀመሪያ የተገለጸበት ጽሑፍ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጀምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለዚህ ሕመም አንድ አነስተኛ ጽሑፍ አሳተመ። የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ነው የገለጸው፤ አንዳንዶቹን መንገድ ላይ ሲሄዱ አይቶ ነው ያስተዋላቸው። በሽታውን በአጭሩ ሲያስቀምጥ የዘረዘራቸው ምልክቶች የእጅና የእግር መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መዛል፣ ሰውነትን ወደ ፊት ማጎንበስ፣ ከዚያም ከእርምጃ ወደ ሩጫ መግባት ናቸው። ጸሐፊው «አይመለከተውም» ያሉት ምልክት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

መንቀጥቀጡም ቢሆን ግዴታ አይደለም። በሽታውን በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ያደረገው ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የማይንቀጠቀጡ ታማሚዎች እንዳሉ አስተውሏል። ዛሬም «እጁ አይንቀጠቀጥም፣ እንግዲህ ደህና ነው» እየተባለ ሳይመረመር የሚቆይ ሰው ብዙ ነው።

እሺ፣ አንድ በሽታ ሰውን እንዴት አዘግይቶም አስሩጦም ይይዘዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ጸሐፊውንም ያሳሳታቸው ይሄ ይመስለኛል። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልሂድበት።

አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። በፓርኪንሰን የሚሞቱት በዋነኛነት እነሱ ናቸው። ዶፓሚኑ የሚሄደው ቤዛል ጋንግሊያ ወደሚባለው፣ በአንጎል ጥልቅ ክፍል ወዳለው የነርቭ ስብስብ ነው። የዚህ ክፍል አንዱ ሥራ የለመድነውን እንቅስቃሴ ሳናስበው፣ በትክክለኛው መጠን እንድንሠራው ማድረግ ነው። ስንራመድ «አሁን ግራ፣ ይህን ያህል ርዝመት» ብለን አናስብም። የሆነ ነገር ውስጣችን ይለካልናል። ዶፓሚን ሲያንስ ልኩ ይዛባል። ሰውየው ሙሉ እርምጃ የወሰደ ይመስለዋል፤ የወጣው ግን ግማሽ እርምጃ ነው። ከተደጋገመ ደግሞ እያነሰ ይሄዳል።

ይህ በእግር ብቻ አይቆምም። ብዙ የፓርኪንሰን ታማሚዎች ሲጽፉ ፊደሉ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ ወደ መጨረሻው እየተኮማተረ ይሄዳል። ድምፃቸው ይቀንሳል። አንዳንዶቹ ሲናገሩ ቃላቱ እየተፋጠኑ፣ እየተደራረቡ ይመጣሉ። እጅም፣ አፍም፣ እግርም የሚታዩበት መንገድ ተለያየ እንጂ ችግሩ አንድ ነው።

እርምጃው ካጠረ ሰውየው ወደሚፈልገው ቦታ ለመድረስ ያለው አማራጭ እርምጃውን ማብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ያሳዩትም ይህንኑ ነው። የታማሚዎቹ መሠረታዊ ጉድለት የእርምጃው ርዝመት ላይ ነበር። ቶሎ ቶሎ መርገጣቸው የአጠረውን ለማካካስ ነው።

በዚህ ላይ የሰውነቱ አቋም ይጨመርበታል። ታማሚው ወደ ፊት ስለሚያጎነብስ ክብደቱ ከእግሮቹ ቀድሞ ይወጣል። ቁልቁለት የያዘው ሰውን አስቡ። እንዳይደፋ ብሎ እግሩን ቶሎ ቶሎ ያስቀድማል። ልዩነቱ ለፓርኪንሰን ታማሚ ሜዳውም ቁልቁለት መሆኑ ነው። እርምጃው አጭር ስለሆነ ክብደቱን አይደርስበትም፤ ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃ ቶሎ መምጣት አለበት። እሱም ያጥራል። ሌላው ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። መንደርደር የምንለው ይህ ነው።

ሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት አለመሆኑንም ልብ በሉ። አንዳንዱ ላይ የሚቀድመው የእርምጃው መጥበብ ነው። እየጠበበ ሄዶ እግሩ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሌላው ላይ የሚቀድመው ወደ ፊት መደፋቱ ነው፤ እግሩ ከስር እየተከተለ ይሮጣል። እርዳታቸውም ይለያያል። የመጀመሪያው እርምጃውን የሚያስረዝምለት ምልክት ይፈልጋል። የሁለተኛው ሚዛኑ ነው መታየት ያለበት።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እርምጃን አሳጥሮ አካሄድን የሚያበላሸው ፓርኪንሰን ብቻ አይደለም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል፣ ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ሊያመጡ ይችላሉ። የአንጎል ትንንሽ የደም ሥሮች መጎዳትም እንዲሁ። አንጎል ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲጠራቀም የሚመጣ፣ ከአካሄዱ ጋር ሽንት መቆጣጠር ማቃትና የማሰብ መዳከም የሚታይበት ሕመምም አለ። ይሄኛው ፈሳሹን በሚያስተነፍስ ቀዶ ሕክምና ሊሻሻል የሚችል ነው። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ «የብርታት ምልክት ነው» ብሎ ቢተኛበት የሚያልፈው ዕድል ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ያቆመውንም ጭምር።

«ቢፈልግ መቆም ይችላል»

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ «ደረጃ በሥርዓት የሚወጣ፣ ሐኪም ፊት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚንደረደረው ትኩረት ፈልጎ ነው።»

ያዩት ነገር እውነት ነው። የሰጡት ትርጉም ነው የተገለበጠው። አዎ፣ ጠፍጣፋ ወለል ላይ የሚንደረደር ሰው ደረጃ በደንብ ሊወጣ ይችላል። ማስመሰል አይደለም፤ የበሽታው አንዱ መለያ ነው።

ምክንያቱም የተጎዳው ሳናስብ የምንራመድበት መንገድ ነው። እያሰብን፣ እያየን የምንራመድበት መንገድ በአንጻሩ ደህና ነው። የደረጃው እያንዳንዱ ጠርዝ ለእግር «እዚህ ላይ እረፍ» ይለዋል። ልኩን የሚሰጠው ዓይን ነው። እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ጀምስ ፐርደን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ሥራው ወለል ላይ በአግድም የተሠመሩ መስመሮች የታማሚዎችን እርምጃ እንደሚያስተካክሉ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የኔዘርላንድ ሐኪሞች ጥቂት እርምጃ እንኳ ለመራመድ የሚቸገር አንድ ታማሚያቸው ብስክሌት ላይ ሲወጣ ሚዛኑን ጠብቆ ያለችግር እንደሚነዳ አሳዩ። ከብስክሌቱ ሲወርድ እግሩ መልሶ ተያዘ። ይህ ሰው ብስክሌት ላይ ፈልጎ፣ መሬት ላይ ሰንፎ ነው ሊባል ነው?

ሐኪም ፊት መስተካከሉም ያው ነው። «እስኪ ተራመድ» ሲባል ሰውየው ሐሳቡን በሙሉ እግሩ ላይ ያደርጋል። ኮሪደሩ ሰፊ ነው፣ ዕቃ አልተደረደረበትም፣ ሰው እያየው ነው። ለዚያች ደቂቃ ይሳካለታል። ቤት ሲገባ ስልክ ይጮኻል፣ አንድ ሰው ይጠራዋል፣ በሩ ጠባብ ነው። ሐሳቡ ወደዚያ ሲሄድ እግሩ ለተጎዳው መንገድ ይተዋል። ማንም ሰው ቀኑን ሙሉ እግሩን እያሰበ ሊውል አይችልም።

እኛ ቤት ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን የሚወስደው ኮሪደር ላይ ቢጫ ፕላስተር በአግድም ለጥፈናል። ርቀቱን ለአባቴ ቁመትና እርምጃ የለካችው ፊዚዮቴራፒስቷ ናት። ከመጀመሪያው ፕላስተር በፊት ይቆማል። ያየዋል። ከዚያ ቀኝ እግሩ ይነሳል፤ በትክክል ይነሳል፣ አይፈትግም። ተረከዙ ከፕላስተሩ ማዶ ያርፋል። ግራው ይከተላል። ትከሻው ቀና ይላል፣ እጁም ትንሽ ትንሽ መወዛወዝ ይጀምራል። የመጨረሻውን ፕላስተር አልፎ ጥቂት እንደሄደ የሶሉ ድምፅ ይመለሳል። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ያው ጫማ። ትኩረት ፍለጋ ቢሆን ኖሮ ቢጫ ፕላስተር አይፈውሰውም ነበር።

ስለዚህ ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ሲራመድ በስልክ ቅረጹት። ከጎን ሆናችሁ፣ እግሩ እስከ ወለሉ እንዲታይ። ሲዞር፣ በር ሲያልፍ፣ ከወንበር ሲነሳ ያለውንም ጨምሩ። መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ የወሰደበትን ሰዓትና የቀረጻችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ምርመራ ክፍል ውስጥ የማይታየውን ነገር ሐኪሙ በዚህ ያየዋል።

«ቢፈልግ ይቆማል» የሚለው ቃል ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግም ልናገር። ታማሚው ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ሰው ፊት መራመድ ያፍራል። ከቤት መውጣት ይተዋል። ጭንቀት ደግሞ አካሄዱን ይበልጥ ያባብሰዋል፤ ይህ የታወቀ ነው። እያስጨነቁት እያባባሱበት፣ መልሶ «ይኸው ሆን ብሎ ነው» ማለት ግፍ ነው።

«ከኋላ ይዞ መግታት፣ ቀስ በል ማለት»

እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

የነርቭ ሐኪሞች የሚያደርጉት አንድ ምርመራ አለ። ከታማሚው ኋላ ይቆሙና ትከሻውን ወደ ራሳቸው ሳብ ያደርጉታል። ጤነኛ ሰው አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይረጋል። ሚዛኑ የተጎዳ ሰው ግን ወደ ኋላ ይንደረደራል ወይም ቀጥ ብሎ ይወድቃል። ሐኪሙ ይህን የሚያደርገው አስቀድሞ ነግሮት፣ ሊይዘው ተዘጋጅቶ ነው። ጸሐፊው የመከሩት ያንኑ ነገር ሳይዘጋጁ፣ በድንገት፣ ሰውየው ወደ ፊት እየበረረ ሳለ ነው። መንደርደር ወደ ኋላም አለ። ወደ ፊት የሚደፋን ሰው ከኋላ ስትጎትቱት ሚዛኑን አትመልሱለትም፤ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ትቀይሩለታላችሁ።

«ቀስ በል» የሚለውም ችግሩን አይነካውም። ቀድሞውንም የጠፋው የእርምጃው ርዝመት ነው። ቀስ በል ሲባል እርምጃውን ይበልጥ ያሳንሰዋል። የሚረዳው ጨርሶ መቆም፣ ከዚያ በትልቅ እርምጃ እንደገና መጀመር ነው።

እኛ የተማርነው እንዲህ ነው። ከጎኑ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብላችሁ ተራመዱ። ሲፋጠን አንድ ቃል ብቻ በሉ፦ «ቁም።» ምክር አታብዙ። ሲቆም ተረከዙ መሬት መንካቱን፣ ቀና ማለቱን ይይ። ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያመላልስ። ከዚያ «ትልቅ እርምጃ» ብሎ ይነሳ። አባቴ አሁን አሁን እኔ ሳልናገር ራሱ «ቁም» ይላል። ድምፁን አውጥቶ። ሰው ቢሰማው ግድ የለውም።

ስትራመዱ ወሬ አታብዙበት፤ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ከሆነ ቆማችሁ ጠይቁት። በእጁ ዕቃ አታሸክሙት። ሲዞር ባለበት እንዳይሽከረከር፣ ሰፋ አድርጎ ይዙር። ከሩቅ ሆናችሁ አትጥሩት። በምት መራመድ ብዙ ሰው ይረዳል፤ መቁጠር፣ ሜትሮኖም የሚባለው ምት የሚሰጥ መሣሪያ ወይም ሙዚቃ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምቱ ከፈጠነ የሚንደረደረውን ሰው ይበልጥ ሊያንደረድረው ስለሚችል ፍጥነቱን ፊዚዮቴራፒስት ትወስንላችሁ።

«ጎማ ያለው መራመጃ ይገዛለት»

ለአንዳንዱ ይጠቅማል፣ ለሌላው አደጋ ነው። ወደ ፊት ለሚደፋ ሰው በነጻ የሚሽከረከር ጎማ ስትሰጡት መራመጃው ቀድሞት ይሄዳል፣ እሱም ይከተለዋል። መያዣው ሲጨበጥ ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ ሲለቀቅ ራሱ የሚቆም ዓይነት አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሻለው እሱ ነው። የቱም ቢሆን በባለሙያ ሳይሞከር አይገዛ።

«መድኃኒቱ ሱስ ስለሚሆን ይዘግይ»

ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው። አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይቀየራል። ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ቪየና ውስጥ ኦሌ ሆርኒኪቪችና ባልደረባው በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚኑ እጅግ አንሶ አገኙት። በቀጣዩ ዓመት ሌቮዶፓ በመርፌ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ በአፍ የሚወሰደውን መጠን ቀስ በቀስ በመጨመር ትልቅ ለውጥ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የሚሊዮኖች ሕይወት የተደገፈው በዚህ መድኃኒት ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው ሰውነት ይለምደውና ኋላ አይሠራም የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት አለ። ገና ከምርመራቸው ቅርብ የሆኑ ታማሚዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ወዲያው ጀመረ፣ ሌላው 40 ሳምንት ዘግይቶ። በ80ኛው ሳምንት ሲታዩ ልዩነት አልተገኘባቸውም። ማለትም መድኃኒቱ በሽታውን ራሱን አያስቆምም፤ ቀድሞ መጀመሩም አልጎዳም። የዘገዩት ያተረፉት ነገር የለም። ያ ሁሉ ሳምንት ያለ እፎይታ አለፋቸው።

ሱስን በተመለከተ አንድ እውነት አለ፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ዶፓሚን አጎኒስት የሚባሉት፣ የዶፓሚንን ሥራ የሚያስመስሉ ሌሎች የፓርኪንሰን መድኃኒቶች አንዳንድ ሰው ላይ ቁማር ወይም መግዛት ማቆም እንዲያቅተው ሊያደርጉ ይችላሉ። ታማሚው አፍሮ ሊደብቀው ስለሚችል ቤተሰብ ይከታተል፣ ለሐኪሙ ይንገር። ያንን ፍርሃት ይዞ ሌቮዶፓን መከልከል ግን አይገናኝም።

መድኃኒቱ ሁሉን እንደማያስተካክልም መናገር አለብኝ። እርምጃውን ያስረዝማል። ሚዛንን ግን ያን ያህል አያስተካክልም፤ መንደርደሩ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። በሽታው ሲገፋ የአንዱ ኪኒን ጉልበት ከሚቀጥለው ሰዓት በፊት ያልቃል፤ እግሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ አብሮ ሲወሰድም ሥራውን ሊያዳክመው ይችላል። እነዚህ ሁሉ ሐኪሙ ሰዓቱንና መጠኑን እያየ የሚያስተካክላቸው ናቸው። በራሳችሁ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ ግን ከባድ ትኩሳትና የጡንቻ መድረቅ አምጥቶ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

«ወንበሩ ላይ ይቀመጥ»

የተቀመጠ ሰው አይወድቅም፤ ይህ ገብቶኛል። ግን እግሩ ይዝላል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ የቀረው ሚዛን ይጠፋል። ተነስቶ መጸዳጃ ቤት መሄዱ አይቀርምና ያኔ የሚወድቀው ከበፊቱ በባሰ ሰውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ታይ ቺ የሚባለውን፣ በዝግታ የሚሠራ የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ የሠሩ የፓርኪንሰን ታማሚዎች ሰውነት ማፍታቻ ብቻ ከሠሩት ይልቅ ሚዛናቸው እንደተሻሻለና መውደቃቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ታይ ቺ ካልተገኘ ትልልቅ እርምጃ መለማመድ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ሰው አጠገብ ሆኖ መራመድ አለ። ዋናው ነገር መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት፣ በባለሙያ ምክር፣ በየቀኑ መንቀሳቀሱ ነው።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ልለምናቸው። ስለ ብርታትና ስለ ጠባይ ያሉትን ለማስተካከል ጊዜ ይውሰዱ፤ ልንከራከርበትም እንችላለን። ከኋላ ልብስ ይዞ መግታት የሚለውን ምክር ግን ዛሬውኑ ያውጡት። ጽሑፉን የላኩልኝ ዘመዶቼ አባቴን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ቤታችሁ ያሉትን አባትና እናት ሊጠይቅ የሚመጣም ሰው አንብቦት ይሆናል። እጁን ሊዘረጋ ሲል «ተወው፣ እኔ አስቆመዋለሁ» በሉት።